ማንም በማያይበት የሚጻፍ ቁጥር



በዛሬው ጁምዓ ይዣችሁ የምሄደው ሩቅ ነው። ምድር ወደ ደቡብ የምታበቃበት ቦታ፣ አንታርክቲካ የምትባል በበረዶ የተሸፈነች አህጉር አለች፤ ዙሪያዋን ደግሞ ደቡባዊው ውቅያኖስ ከቧታል። መንደር የለም፣ ገበያ የለም፣ ፖሊስ የለም። ለምርምር ከሚመላለሱ ሰዎች በቀር ነዋሪ የላትም። በክረምቷ ፀሐይ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ቦታ ላይም ለወራት አትወጣም።

“ኡስታዝ፣ ጁምዓንና ፔንግዊንን ምን አገናኛቸው?” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ወደዚያ የወሰደኝ አንድ ጥያቄ ነው። ማንም በማያይህ ቦታ ተቀምጠህ፣ ማንም ሊያጣራው የማይችለውን ቁጥር እንድትጽፍ ቢሰጥህ ምን ትጽፋለህ? አንቺስ እህቴ?

ይህ ጥያቄ እዚያ ባሕር ላይ በእውን ተጠይቋል። ሁለት ዓይነት መልስም ተሰጥቶበታል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ዓሣ ነባሪ የሚያድኑ አገሮች ስምምነት ፈረሙ። እያንዳንዱ አገር ምን ያህል እንደገደለ ይመዘግባል፣ ለዓለም አቀፉ ኮሚሽን ሪፖርት ያደርጋል፤ ሳይንቲስቶችም በዚያ ቁጥር ተነሥተው ምን ያህል ዓሣ ነባሪ እንደቀረ ያሰላሉ። ጥሩ አሠራር ይመስላል። ነገር ግን ገዳዩም መዝጋቢውም አንድ ነው። በየመርከቡ የሌላ አገር ታዛቢ መቀመጥ የጀመረው በ1972 ነው። እስከዚያ ድረስ ያ ሰፊ ባሕር ምስክር አልነበረውም። የሰው ምስክር ማለቴ ነው።

የሶቪየት ኅብረት መርከቦች በዚህ ዘመን በደቡቡ የዓለም ክፍል ሃምፕባክ ከሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች 2,710 ብቻ እንደያዙ ሪፖርት አደረጉ። እውነቱ ከ48,000 በላይ ነበር። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። ከ1959 እስከ 1961 ባሉት ሁለት የአደን ወቅቶች ብቻ ወደ 25,000 ገድለዋል። ምክንያቱ ረሀብ እንኳ አልነበረም፤ ከብዙዎቹ ዓሣ ነባሪዎች ጥቂት ተወስዶ የቀረው ይጣል ነበር። ምክንያቱ ዕቅድ ነው። ከላይ የወረደ ኮታ አለ፤ ኮታውን ያለፈ ጉርሻ ያገኛል፣ በሚቀጥለው ዓመት ኮታው ከፍ ይልበታል። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ሞልታችሁ የምታውቁ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩሲያኛ አያስፈልጋችሁም።

አሁን ውሸቱ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ በየዓመቱ ያልፉ የነበሩት ሃምፕባኮች በድንገት ጠፉ። ታንጋሉማና ባይረን ቤይ የነበሩት የዓሣ ነባሪ ጣቢያዎች በ1962 ተዘጉ። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ሳይንቲስቶች ሒሳቡን ቢሠሩት፣ ደግመው ቢሠሩት አልገጥም አላቸው። የተያዘው ይህን ያህል ነው፤ ታዲያ የቀረው የት ገባ? ለዓመታት ራሳቸውን ጠረጠሩ። ስሌታቸው ትክክል ነበር፤ የተበላሸው ከሌላ ሰው የተቀበሉት ቁጥር ነው። አንድ ሰው በሩቅ ባሕር ላይ በእስክሪብቶ የዋሸው ውሸት፣ ሌላ አህጉር ላይ ያለ ሐቀኛ ሰው የገዛ ሥራውን እንዲጠራጠር አደረገው።

ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚነግረን ስለ ሚዛን አጉዳዮች ነው። ብዙዎቻችን ሱራውን ስንሰማ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው እህል ሻጩና ሚዛኑ ነው። እኔ ግን ዛሬ ዛሬ አብዛኛው ማጉደል የሚፈጸመው በወረቀትና በኮምፒውተር ላይ ይመስለኛል። ጤፍ የሚያጎድል ነጋዴ አንድ ደንበኛን ይበድላል። መዝገብ የሚያጎድል ሰው የበደላቸውን ሰዎች ብዛት ራሱም አያውቀውም። ታዲያ ለነማን ሐቃቸውን ይመልሳል?

ግን ታሪኩ እዚህ አላበቃም። በእነዚያ መርከቦች ላይ ባዮሎጂስቶችም ነበሩ። የእያንዳንዱን ዓሣ ነባሪ ዓይነት፣ ርዝመትና ጾታ በትክክል ይጽፉ ነበር። ትክክለኛው መዝገብ ምስጢር ተብሎ ይቆለፋል፣ ለዓለም የሚላከው ሌላ ነው። ከመካከላቸው ግን እንዲጠፋ የተፈለገውን መዝገብ ደብቀው ያቆዩ ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ፣ በ1993፣ የሩሲያው ፕሬዝዳንት አማካሪ የነበረው ሳይንቲስት አሌክሴይ ያብሎኮቭ ጉዳዩን በአደባባይ ተናገረ። ባልደረቦቹ መዝገቦቹን ይዘው ወጡ። ከ30 ዓመት በፊት ያልገጠመው ሒሳብ ገጠመ።

ሱረቱ ዘልዘላህ ላይ ምድር ያን ቀን ወሬዋን እንደምትናገር ተነግሮናል። እዚህ ግን አኺራ ሳይመጣ፣ ዱንያ ላይ ሳለን፣ ባሕር የዋጠው ምስጢር ሲወጣ አየን። አንድ የተደበቀ ደብተር ይህን ካደረገ፣ በቀኝና በግራ ትከሻችን ያሉት ጸሐፊዎች የያዙት መዝገብ ምን ሊያወጣ ነው?

ወደ ሌላኛው መልስ ልውሰዳችሁ። ባሕሩ ያው ነው፣ ብርዱም ያው ነው፤ የተለየው ሰዎቹ ናቸው።

እንግሊዞች ሃሊ የሚባል የምርምር ጣቢያ በአንታርክቲካ በረዶ ላይ በ1956 አቋቋሙ። ከሥራዎቹ አንዱ ከላይ ሰማይ ላይ ያለውን የኦዞን መጠን መለካት ነበር። ኦዞን ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር የሚያጣራልን አየር ነው። ሥራው አሰልቺ ነው። መሣሪያውን ወደ ፀሐይ ታዞራለህ፣ ታነባለህ፣ ትጽፋለህ። ነገም እንደዚያው። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው። ቁጥሩ ለብዙ ዓመት የሚያስደንቅ ነገር አላሳየም። አንድ ሰው ብርዱን ፈርቶ ውስጥ ቁጭ ብሎ የትናንቱን ቁጥር ዛሬም ቢጽፈው ማን ያውቅበታል?

ወደ 1980ዎቹ መጀመሪያ ግን በዚያ የጸደይ ወቅት፣ በተለይ በጥቅምት፣ ቁጥሩ ወረደ። ጆሴፍ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን “መሣሪያው አርጅቶ ይሆናል” ብለው ሌላ መሣሪያ አስመጡ። አሁንም ወረደ። የሌላ ጣቢያ ቁጥር አስተያዩ። እዚያም ወርዷል። በግንቦት 1985 አሳተሙት፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የጥቅምቱ ኦዞን ከሲሶ በላይ ቀንሷል። በሰማይ የሚዞረው የአሜሪካ ሳተላይትም ዝቅተኛውን ቁጥር ይዞት ነበር፤ ነገር ግን እጅግ ከማነሱ የተነሣ አጠራጣሪ ተብሎ ተለይቶ ተቀምጦ ኖሯል። ዓለም ያወቀው ፊቱን ለንፋስ ሰጥቶ በየቀኑ በጻፈው ሰው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሞንትሪያል ስምምነት መጣ። በማቀዝቀዣና በሚረጭ ሽቶ ቆርቆሮ ውስጥ የነበሩት ኦዞንን የሚያጠፉ ጋዞች እየታገዱ ሄዱ። ዛሬ ስምምነቱን ኢትዮጵያን ጨምሮ የዓለም አገሮች በሙሉ ተቀብለውታል። በአንታርክቲካ ላይ ያለው ቀዳዳ በ2066 አካባቢ ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጡ ጀርባችሁን ያሞቃችሁ ፀሐይ የተጣራችበት ነገር የዳነው፣ በትክክል በተጻፉ አሰልቺ ቁጥሮች ሰበብ ነው። አልሐምዱ ሊላህ።

እነዚህ ሰዎች ሙስሊሞች አይደሉም። ለምን ታወድሳቸዋለህ የሚለኝ ይኖራል። እኔ የማወራው ስለ ሥራቸው ነው። የወተት ሻጯን ልጅ ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ “ዑመር አያየንም” ስትባል የዑመር ጌታ እንደሚያይ የመለሰችውን። እኛ ያንን ታሪክ ከሕፃንነት ጀምሮ ሰምተን አድገናል፣ ኢሕሳን የሚለውን ቃልም ተምረናል። አላህን እንደምናየው ሆነን መገዛት፣ ባናየውም እሱ እንደሚያየን ማወቅ። ቃሉን ያልሰማ ሰው በበረዶ መሐል ሐቀኛ ሆኖ ሲገኝ፣ ቃሉን በልቡ የያዘው ሰው በፋን በቀዘቀዘ ቢሮ ውስጥ ሲያጭበረብር ማየት ያሳፍራል።

አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር፤ ይህኛው ያሳዝናል። ኢምፐረር የሚባለው ፔንግዊን በክረምቱ ጨለማ ነው የሚራባው። ሴቷ እንቁላሏን ለወንዱ አስረክባ ምግብ ፍለጋ ወደ ባሕር ትሄዳለች። እሱ እንቁላሉን በእግሮቹ ላይ አድርጎ፣ ከሆዱ ሥር ባለ ቆዳ ሸፍኖ ለሁለት ወር ያህል ይቆማል። ከእሷ ጋር ከተገናኘበት ጊዜ ጋር ሲደመር ወደ አራት ወር ምንም አይበላም። ረመዳን ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ ፊታችን የሚጠወልገው እኛ ብንሆን ምን ልንሆን ነበር! ሱብሓነላህ።

ወፎቹ ያሉበት ቦታ ሰው የሚደርስበት አይደለም። በ2009 ግን ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። በሳተላይት ፎቶ ላይ በነጩ በረዶ መሐል ቡናማ ነጥብ ይታያል፤ የወፎቹ ኩስ ነው። በዚያ ምልክት እየተመሩ መንጋዎቹን አንድ በአንድ አገኟቸው። ዛሬ ከ60 በላይ መንጋዎች ይታወቃሉ። በ2022 መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ቤሊንግስሃውዘን በሚባለው ባሕር ከሚገኙ አምስት መንጋዎች በአራቱ ቡናማው ነጥብ ከጊዜው በፊት ጠፋ። ጫጩቶቹ ውኃ የማያስገባውን ላባ ከማብቀላቸው በፊት የቆሙበት የባሕር በረዶ ተሰበረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ጫጩቶች አልቀዋል። ድምፃቸውን የሰማ ሰው የለም። ያየናቸው ከሰማይ፣ በኩሳቸው ምልክት ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጫጩቶቿ የተወሰዱባትን ወፍ ሲያዩ ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው ልጆቿ እንዲመለሱላት አዘዋል። የአንዲት ወፍ ጭንቀት ያሳሰባቸው ነቢይ ኡመት ነን። ባሕሩ የሞቀው በማን ጭስ እንደሆነ ስንነጋገር እኛ ከትልልቆቹ አጫሾች ውስጥ አይደለንም፤ ይህ እውነት ነው። እውነት ስለሆነ ግን ወሬው አይመለከተንም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ልጆች አላችሁ። መጠይቁ ለ200 ሰው ሊበተን ነበር፤ 60 ሰው ሞላው፣ የቀረውን ማታ ዶርም ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች እስክሪብቶ እየቀያየሩ ይሞሉታል። “ማን ያየዋል? መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀረው” ይባላል። ሌሊት ተረኛ ሆናችሁ የበሽተኛ ሙቀት ሳትለኩ 36.5 ብላችሁ የምትጽፉም አላችሁ። ያልሄደበትን መስክ ሄጃለሁ ብሎ አበል የሚፈርም አለ። ጥፋቱን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። የዚያ ቁጥር ተከታይ አለው። ነገ ሌላ ተማሪ የናንተን ጽሑፍ ይጠቅሳል፣ ሐኪሙ ጠዋት ቻርቱን አንብቦ መድኃኒት ይወስናል። 60 ሰው ብቻ ከሞላው 60 ሰው ሞላው ብላችሁ ጻፉ። ውጤቱ ቢ ይሁን። ቢ ይዞ ጌታውን የሚገናኝ ሰው ምንም አልጎደለበትም።

“ዓሣ ነባሪ አዛን ሲሰማ ዝም አለ”፣ “እንስሳ ሱጁድ ወረደ” የሚሉ የተቀጣጠሉ ቪዲዮዎችን የምታጋሩትም ስሙኝ። ለዲን ብላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ይህም የሐሰት መዝገብ ነው። እንቁላል በእግሩ ላይ ይዞ በጨለማ የሚቆመው ወፍ እውነተኛ ታምር ሆኖ ሳለ የተፈበረከ ምን ያደርግልናል?

ባለፈው አንዲት እህት በውስጥ መስመር እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፤ “ሞልቼ ያስገባሁት የውሸት ዳታ አለ፤ ተውባዬ እንዴት ነው?” ዑለሞች የሚሉትን ነው የነገርኳት። መጸጸት፣ መተው፣ ላለመመለስ መቁረጥ፣ የሌላ ሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ማስተካከል። ቁጥሩ ገና በሥራ ላይ ከሆነ ለአማካሪሽ ንገሪ፣ አስተካክለሽ አስገቢ፤ ምርቃት በአንድ ወር ቢዘገይም። ያን ለማድረግ የሚያስፈልገው ድፍረት ቀላል አይደለም፤ ዱዓ አድርጉላት። የያብሎኮቭ ባልደረቦች 30 ዓመት ዘግይተው እንኳ ያወጡት እውነት ጥቅም አለው፤ በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ ጥቂት መቶ ቀርተው የነበሩት ሃምፕባኮች ዛሬ ከ20,000 በላይ ሆነዋል፤ ምን ያህል ከነበሩበት ተነሥተው እዚህ እንደደረሱ የሚታወቀውም በዚያ እውነተኛ መዝገብ ነው።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ያልቀራችሁ መግሪብ ሳይገባ ቅሩ። ትንሹንም ትልቁንም ሳይተው ስለሚመዘግበው መጽሐፍ የሚናገረው 49ኛው አያ ላይ ስትደርሱ ትንሽ ቆም በሉ። በነቢያችን ላይ ሶለዋት አብዙ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።