የነጋዴ ትዕግሥትና ሁለት መልኩ

ትዕግሥት ከበጎ ምግባሮች አንዱ እንደ ሆነ ሃይማኖቱም፣ ፍልስፍናውም፣ ተረቱም ይስማማሉ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አነጋገር በንግድ ሰዎች ዘንድ የተዘወተረው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ አባባሉ አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል። ዕንቁላል በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ስለ ታቀፈችው ነው፤ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት የከረመ ዕንቁላል ይገማል እንጂ አይራመድም። ስለዚህ ተገቢው ጥያቄ ነጋዴው ይታገሣል ወይስ አይታገሥም የሚለው አይደለም። በሚጠብቅበት ጊዜ ምን ይሠራል? የመጠበቁስ ትርፍ ከማን ይመጣል?

ለዚህ ጥያቄ መርካቶ ጥሩ መመልከቻ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የከተማው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ሲደረግ የተቋቋመው ይህ ሰፈር፣ በየተራው የተለያየ የጥበቃ ልማድ አለው። በምናለሽ ተራ ያረጀ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ እዚያ በግዢና በሽያጭ መካከል ያለው ጊዜ በመዶሻ ድምፅ የተሞላ ነው። በእህል በረንዳ ንግድ ደግሞ በመኸር የተገዛ ጤፍ እስከ ክረምት በመጋዘን ሊቆይ ይችላል። ይህም ቢሆን በራሱ ነውር አይደለም፤ በጥር ሁሉ ተበልቶ ቢያልቅ በነሐሴ የሚበላ አይኖርምና። ነውሩ የሚጀምረው ነሐሴ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ይኸውም ባለ መጋዘኑ ረኀቡ ዋጋውን ይበልጥ እንዲያንረው በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ። እስከዚያ ድረስ ያስቀመጠው እህል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሚያከማቸው የሰውን ችግር ነው።

በዓለም ላይ በረጅም ጊዜ ገንዘብ አሳዳሪነቱ የታወቀው አሜሪካዊው ዋረን ባፌት ያለፈበት መንገድም በዚሁ ሚዛን ቢመዘን ትምህርት ይሰጣል። ባፌት በ1965 እ.ኤ.አ. በርክሻየር ሃታዌይ የተባለውን እየተዳከመ የሄደ የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ በእጁ አስገባ። በ1967 እ.ኤ.አ. ኩባንያው የመድን ድርጅት ገዛ፤ ገንዘቡም ወደ ሌላ መስክ ማምራት ጀመረ። ፋብሪካው ግን በ1985 እ.ኤ.አ. እስኪዘጋ ድረስ 20 ዓመት ያህል ቆየ፤ ለመቆየቱ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱም ፋብሪካው ለአካባቢው ሕዝብ የሥራ ምንጭ መሆኑ ነበር። ከዚህ የሚገኘው የአመራር ትምህርት ትዕግሥትና ግትርነት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ሆኖም ሌላም ትምህርት አለ። ገንዘብ ከሸማ ወደ መድን በአንድ ፊርማ ይሻገራል፤ ዕድሜውን ለመሸመኛው የሰጠ ሠራተኛ ግን እጁን እንዲሁ ሊያሻግር አይችልም።

በ1972 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ሲስ የተባለውን የከረሜላና የቸኮሌት ድርጅት በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ሳይሸጥ አቆየው። ደንበኛው ስሙን ስለሚወድ ዋጋው በየጊዜው ቢጨመርም ሽያጩ አልቆመም። በዚህ ላይ ብዙ የሚፈርድ አይገኝም፤ ቸኮሌት የተወደደበት ሰው ትቶት ቤቱ ይገባልና። ያው ሥልት ከቸኮሌት ወደ ጤፍ ሲሻገር ግን ገዢው ትቶት የሚገባበት ቤት የለውም። ስለዚህ የአመራር ጥበብ የሚባለው ነገር ግብረ ገብነቱን የሚያገኘው ከሥልቱ ሳይሆን ሥልቱ ከሚያርፍበት ሰው ኑሮ ነው።

መርካቶ ለዚህ የራሱ መልስ አለው፤ ዕቁብ። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥሉ፣ የመጀመሪያው ባለዕጣ 1,000 ብር ብቻ ከፍሎ 20,000 ብር ይወስዳል። የቀረው 19,000 ብር ተራቸውን የሚጠብቁት ሰዎች ያለ ወለድ ያበደሩት ነው። የአንዱ መታገሥ ለሌላው የሥራ ማስኬጃ ይሆናል፤ ማን እንደሚታገሥ የሚወስነውም ሀብት ሳይሆን ዕጣ ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሱ እምነቱን ይጠብቃሉ። እርግጥ ሸክሙ እኩል አይደለም፤ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ የመጨረሻው ባለዕጣ የሚቀበለው ብር የመግዛት አቅሙ ቀንሶ ነው። ሆኖም የሚጎዳውን ሰው ሁሉም በስሙ ያውቀዋል።

ትዕግሥት ግን የግለሰብ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የሕግም ውጤት ነው። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና መድን ድርጅቶች፣ በዚያው ዓመት ሐምሌም በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ። አዋጁ ለብዙ ተከራይ የኪራይ ቅናሽ አስገኘ፤ ለነጋዴው ግን ለሩቅ ጊዜ መትከል አስጊ መሆኑን አስተማረው። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ ሲፈቀድ ግን 486 ባለአክሲዮኖች 24.2 ሚሊዮን ብር አዋጥተው አዋሽ ባንክን መሠረቱ፤ ባንኩም በ1987 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሲከፈት የወጋገን ባንክ አክሲዮን በመጀመሪያነት ተመዘገበ።

እነሆ አዲሱ ፈተና ከዚህ ይጀምራል። ዕቁብተኛ የሚታገሥለትን ሰው ፊት ያያል፤ ባለአክሲዮን ግን ትርፉ ከማን ላብ ወይም ከማን ችግር እንደ መጣ ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። ትርፉን የሚያሳየው ወረቀትም ይህን አይነግረውም። እንግዲህ ሒሳብ የሚያስተምረው መምህርም ሆነ የመርካቶን ሕይወት የሚሥለው ከያኒ፣ ከትርፉ መጠን ቀጥሎ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ በመጠበቁ ዘመን ማብቂያ ላይ ቀድሞ ያልነበረ ምድጃ፣ ሱቅ ወይም ሥራ ተገኘ ወይስ የጎረቤት ጓዳ ብቻ ባዶ ሆነ?