አንድ መንጋጋ ብቻውን አይጨብጥም



ውድ አንባብያን! ከአናጢ ወይም ከብረታ ብረት ሠራተኛ ዘንድ ጎራ ብላችሁ ከሆነ ሞርሳ የሚሉትን መሣሪያ ሳታዩት አልቀራችሁም። ሁለት መንጋጋና አንድ ብሎን ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ መንጋጋዎቹ ተቀራርበው በመካከላቸው የገባውን እንጨት ወይም ብረት ጨብጠው ይይዛሉ። ሠራተኛው ሦስተኛ እጅ ያገኘ ያህል ነው። አንደኛው መንጋጋ ቢወልቅ ግን ሌላው የቱንም ያህል ቢጠነክር አንዲት ቀጭን ጣውላ እንኳ መያዝ አይችልም።

ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ጥያቄ ከዚሁ የሚነሣ ነው። ብዙ ሰው ተባብሮ ያበጀው ነገር የማን ነው? ያወቅነውን ማካፈል፣ የሌላውንም እርማት መቀበል ለምን ይከብደናል?

እ.ኤ.አ. በ2011 በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግ ከተማ፣ ሪቻርድ ቫን አስ የተባለ አናጢ በኤሌክትሪክ መጋዝ የቀኝ እጁን ጣቶች አጣ። ሰው ሠራሽ ጣት ልግዛ ቢል ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ ራሱ ሊሠራ ወስኖ በኢንተርኔት ሲፈላልግ፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሚኖር ኢቫን ኦወን የተባለ ሰው በገመድ እየተሳበ የሚታጠፍ ትልቅ እጅ ሠርቶ በቪዲዮ ሲያሳይ አየ። ያ እጅ ለትርኢት የተሠራ እንጂ ለአካል ጉዳተኛ የታሰበ አልነበረም። አናጢው ጻፈለት፤ ሰውየውም መለሰለት።

በሁለቱ መካከል 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነበር። ሆኖም ሐሳብና ንድፍ እየተላላኩ፣ በኮምፒውተር እየተያዩ፣ አንዱ የሌላውን እያረመ አንድ ዓመት ገደማ ለፉ። በ2012 መጨረሻም በቀኝ እጁ ላይ ጣት ሳይኖረው ለተወለደ የአምስት ዓመት ልጅ የሚሆን እጅ ሠሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ የእጁን አንጓ ሲያጥፍ ገመዶቹ ይሳባሉ፤ ጣቶቹም ታጥፈው ዕቃውን ይጨብጣሉ። አንጓውን ሲያቃና ተመልሰው ይከፈታሉ። ባትሪ የለው፣ ሞተር የለው! እንግዲህ ከሞርሳው ብዙ የራቀ አይደለም።

በኋላም ፕላስቲክ እያቀለጠ ዕቃ የሚቀርጸውን ማሽን፣ ስሪ ዲ ፕሪንተር የሚሉትን፣ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ስሕተት ሲገኝ ማረም፣ ልጁም ሲያድግ ልኩን አስፍቶ እንደገና መሥራት ቀለለ። በ2013 መጀመሪያ ላይ ንድፉን ማንም ወስዶ እንዲሠራበት በነጻ ለቀቁት። በዚያው ዓመት ኢኔብል የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ተመሠረተና በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ለማያውቋቸው ልጆች እጅ መሥራት ጀመሩ።

ሌላም ቁምነገር አለ። ኦወን ቀደምት ሥራዎችን ሲመረምር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውስትራሊያ አንድ የጥርስ ሐኪም ለአንድ ጉዳተኛ ወታደር የሠራውን ሰው ሠራሽ እጅ አግኝቶ ከእርሱ ተምሯል። ታዲያ በዚህ ዕውቀት ላይ «የእኔ ብቻ ነው» ብሎ አጥር ማጠር የሚችል ማነው? ለሐኪሙም ቢሆን ምሳሌ የሆነው ጣት የአላህ ሥራ ነው።

«ላቡን ያፈሰሰ ሰው ለምን አይሸጥም? ልጆቹስ ምን ይብሉ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለድካም ዋጋ መቀበል ነውር አይደለም፤ አናጢም በአናጢነቱ ይኑር። ነገር ግን ለድካሜ ልከፈል ማለትና ሌላው እንዳያውቅ ልደብቅ ማለት የተለያዩ ናቸው። በነጻ የተቀበለውም ሰው አማና አለበት። ልኩን ያልጠበቀ ሞርሳ ያመልጥና እጅ ያቆስላል፤ በግዴለሽነት የተሠራ እጅም ሕፃን ይጎዳል። እነዚህ እጆች ከባድ ሸክም እንደማያነሱ ለወላጅ አስቀድሞ መንገርም ከአማናው አንዱ ነው።

እኔም የራሴን ልናገር። በመድረሳ ሳስተምር ለጀማሪ ልጆች የዐረብኛ ፊደላትን ማስለመጃ የሚሆን ደብተር አዘጋጅቼ ነበር። አብሮኝ የሚያስተምረው ወንድም ሊገለብጠው ሲጠይቀኝ «ገና አልጨረስኩትም» እያልኩ ሦስት ዓመት አቆየሁት። እውነት አልነበረም፤ ስሜን ይወስድብኛል ብዬ ነው። በመጨረሻ አፍሬ ብሰጠው፣ በማግስቱ ይዞት መጣና ድምፃቸው የሚቀራረብ ፊደላትን አከታትዬ በማስቀመጤ ልጆቹ እንደሚምታቱ በለሰለሰ ቃል አሳየኝ። ልክ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚያን ልጆች ያደናገራቸው የእኔ ስስት ነው። ደብተሩ ዛሬ የሁለታችን ነው፤ የሚሻለውም የዛሬው ነው።

ውድ አንባብያን! በየቤታችን እንዲህ ያለ የተደበቀ ደብተር አይጠፋም። አንዱ የሙያውን ምስጢር ለልጁ እንኳ ሳይነግር ይሞታል፤ አንዷ የምታውቀውን ለጎረቤቷ ማሳየት ትሰስታለች። ሌላው ደግሞ ታናሹ ስሕተቱን ቢያሳየው ይቆጣል። ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ መስጠት እጅን ሲያስዘረጋ፣ መታረም ግን ልብን ዝቅ ያሰኛልና። ያ አናጢ ለማያውቀው ሰው ለመጻፍ አፍሮ ቢሆን ኖሮ፣ ያም ሰው «ማን ነህና?» ብሎ ዝም ቢል ኖሮ፣ ያ ሕፃን በዚያ እጅ ባልጨበጠ ነበር።

እስቲ ዛሬ ማታ ልጆቻችንን ሰብስበን አንድ የምናውቀውን ነገር እናሳያቸው። ከዚያም «የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው?» ብለን እንጠይቃቸው።

ወላሁ አዕለም።