ጾማችንና በወንዝ አፍ ያሉ ታናናሾች



ነቢዩ ሕዝቅኤል በመጽሐፉ ምዕራፍ 47 ከቤተ መቅደስ መድረክ በታች ፈልቆ ወደ ጨው ባሕር የሚወርድ ወንዝ በራእይ አየ። ወንዙ በደረሰበት ሁሉ የሞተው ውኃ ይፈወሳል፤ አሥጋሪዎችም በዳርቻው መረባቸውን ያሰጣሉ። ነቢዩ ግን የዓሣውን ብዛት ብቻ አልነገረንም፤ በየወገኑ ልዩ ልዩ መሆኑንም ጨምሮ ነገረን። ወንዝ ከሰፊ ውኃ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ የበረከት ስፍራ ነው። በዓለም ዙሪያ ወንዞች ከባሕር በሚቀላቀሉበት ቦታ ውኃው ዝቅተኛ፣ ምግቡ ብዙ፣ መጠጊያውም ቅርብ ስለሆነ፣ የብዙ ዓይነት ዓሣ ጫጩቶች በዚያ ያድጋሉ።

አገራችን ዛሬ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም የወንዝ አፍ ግን አላት። ከሰሃላና ከሰቆጣ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ወደ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜም ሰቲት ተብሎ፣ ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ፣ በዓባይ በኩል እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ ከተጠናቀቀ ወዲህ ደግሞ በሸለቆው ውስጥ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተኝቷል። ድርቅ ደጋግሞ በፈተነው በዋግ ኽምራ፣ ቀድሞ በከብትና በእርሻ ብቻ ይኖሩ የነበሩ ወጣቶች ማሥገርን ተማሩ፤ ቆሮሶና አምባዛም ለገበያ ወጡ። ይህ ከእግዚአብሔር እጅ የተቀበልነው ስጦታ ነው። ስጦታን ግን መቀበል ብቻ አይበቃም፤ መጠበቅም ይገባል።

እንዴት እንደሚጠበቅ ለመማር ወደ ጣና እንመልከት። በጣና ሐይቅ ባሕር ዳሮች «ነጭ ዓሣ» የሚሉት ወገን 15 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ አይገኙም። ገሚሱ ከሐይቁ ወለል ይለቅማል፤ 8 ያህሉ ደግሞ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። ፈጣሪ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ይህን ያህል ልዩ ልዩ መልክ ዘርቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ከጉማራ፣ ከርብ፣ ከመገጭና ከድርማ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ወደ ላይ ወጥተው ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጫጩቶቹም ጥቂት ካደጉ በኋላ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። እንግዲህ የወንዙ አፍ ለእናቶቹ መውጫ፣ ለልጆቹ መግቢያ በር ነው።

በዚህ በር ላይ መረብ ቢዘረጋ ምን ይሆናል? በሞተር ጀልባ የሚካሄደው የገበያ ሥገራ እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጀመረ በኋላ፣ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ የነጭ ዓሣ ምርት በ75 በመቶ ያህል ቀነሰ። የጫጩቶቹ ቁጥር ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲገልጹ፣ ለመራባት የተሰበሰቡት እናቶች በወንዞች አፍ መያዛቸውን፣ በወንዞቹ ውስጥም በተፈጨ የብርብራ ፍሬ መመረዛቸውን ያነሣሉ። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ፣ አንዱን ዝርያ ከሌላው አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ይገድላል።

ውድ ምእመናን፤ ይህ ነገር ከጾማችን ጋር ይገናኛል። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ነጩ ዓሣ ከወንዝ አፍ የሚሰበሰብበት ወራትም ይኸው ክረምት ነው። በጾም ጊዜ ሥጋ ሲቀር ብዙዎቻችን ዓሣ እንፈልጋለን። እንግዲህ ከሥጋ የተከለከልን መስሎን፣ ገና ያልተወለደውን ትውልድ ከማዕዳችን ላይ አቅርበን እንዳንገኝ እንጠንቀቅ። በእመቤታችን ስም የምንጾም እኛ፣ እናቶችን በወሊዳቸው ደጅ ብናሳድድ ጾማችን ምን ይባላል? ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ያዝዛል፤ ለወፍ የተሰጠው ርኅራኄ ለዓሣም ይገባል።

ቆሮሶ ራሷ ታስተምረናለች። እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲያዩ ወደ አፏ ይመለሳሉ። በዚያ ጊዜ እርሷ ምግብ እምብዛም አትቀምስም። ለልጆቿ ሕይወት የምትጾም እናት ናት። ጾም ማለት ይህ ነው፤ ሌላው እንዲኖር ራስን መግታት።

ይሁን እንጂ ይህን ሸክም በአሥጋሪው ትከሻ ላይ ብቻ አንጫን። ልጆቹ የተራቡበትን አባት «መረብህን ሰብስብ» ማለት ቀላል ነው፤ መረቡን በሰበሰበበት ወር ምን እንደሚበላ መጠየቅ ግን የእኛ ግዴታ ነው። ስለዚህ በየቁምስናችን ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ገዢዎች የሆንን ጫጩትና እንቁላል የያዘ ዓሣ አንግዛ። ሁለተኛ፣ አሥጋሪዎቻችን ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ይጠቀሙ፤ የወንዝ አፍንም በክረምት ይልቀቁ። ሦስተኛ፣ ከጾማችን የተረፈውን ገንዘብ በእነዚያ ወራት መረባቸውን ለሰበሰቡ ቤተሰቦች እናካፍል፤ ጾም ያለ ምጽዋት ሙሉ አይሆንምና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ይህን ለሕፃናቱ ስታስተምሩ ወደ ወንዝ ዳር አውጧቸው፤ ጫጩቶቹን በዓይናቸው ይዩ። እናንተም በወንዝ አፍ የቆማችሁ ጠባቂዎች ናችሁ፤ በፊታችሁ የተቀመጡት ልጆች በጠባይም በስጦታም ልዩ ልዩ ናቸውና ሁሉንም በአንድ መረብ አትለኩ።

በአምስተኛው ቀን የውኃ ፍጥረታትን በየወገናቸው ፈጥሮ እንዲበዙ የባረከ አምላክ፣ ያን በረከት የምንጠብቅበት ልብ ይስጠን። አሜን።