ገና ያልተፈለፈለው አውራ ዶሮ

በታላላቅ የዶሮ ማስፈልፈያዎች ዘንድ ወንድ ጫጩት ከዕንቁላሉ በወጣበት ዕለት መገደሉ የቆየ ልማድ ነው። ይህም የሚሆነው ለዕንቁላል ብቻ በተዳቀሉት ዝርያዎች ላይ ነው። ወንዱ ዕንቁላል አይጥልም፤ ለሥጋ ከተዳቀለው ዝርያ ጋር ሲወዳደርም ብዙ እየበላ በዝግታ ስለሚያድግ ቀላቢው ይከስራል። በጀርመን አገር ብቻ፣ ልማዱ በሕግ ከመታገዱ በፊት፣ በየዓመቱ 45 ሚሊዮን ያህል ወንድ ጫጩቶች በዚህ አኳኋን ይጠፉ ነበር።

በ2019 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ የሚያስችለው የጀርመን ፌዴራል የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ የገንዘብ ጥቅም ብቻውን እንስሳን ለመግደል በቂ ምክንያት አይሆንም ሲል ፈረደ፤ ሆኖም ሌላ ዘዴ እስኪገኝ ድረስ ድርጊቱ ለጊዜው እንዲቀጥል ፈቀደ። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ግን ጫጩቶቹን መግደል ተከለከለ።

ከተገኙት ዘዴዎች አንዱ የዘረ መል ምርመራ ነው። በዶሮ ዘንድ የጾታ ነገር የሰው ተቃራኒ ነው፤ ሁለት የተለያዩ የጾታ ክሮሞዞሞች የሚገኙት በሴቷ ሲሆን የወንዱ ሁለቱም ተመሳሳይ ናቸው። ዕንቁላሉ በሙቀት መሣሪያ ውስጥ በገባ በ9ኛው ቀን ገደማ ቅርፊቱ በጥቂቱ ይበሳና ከሽሉ ዙሪያ ካለው ፈሳሽ ጠብታ ይወሰዳል። የሴቷ ብቻ የሆነው ክሮሞዞም ምልክት ከተገኘ ዕንቁላሉ ወደ ሙቀቱ ይመለሳል፤ ካልተገኘ ግን 21ኛውን ቀን፣ ማለትም የመፈልፈያውን ቀን፣ ሳያይ የእንስሳት መኖ ይሆናል።

«ይህስ በማኅፀን ያለውን ሕፃን ከመግደል በምን ይለያል?» የሚል ጥያቄ ለካቴኪስቶች ሊቀርብ ይችላል። እጅግ ይለያል፤ የሰው ሽል ሰው ነው፤ ዶሮን ግን አርደን እንበላለን፣ ይህም ነውር የለበትም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ የሚከለክለው እንስሳትን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየትንና መግደልን ነው። ሁለቱን ጉዳዮች ማደባለቅ ለሕፃኑም ለዶሮውም አይጠቅምም።

ስለ ሥቃይ ከሆነ ምርመራው ጥቅም አለው። ሽሉ እስከ 12ኛው ቀን ድረስ ሕመም አይሰማውም በሚል የጀርመን ሕግ ሽሉን ማጥፋት የሚከለክለው ከ13ኛው ቀን ጀምሮ ነው። እኔ ይህን ጥቂት ነገር አልለውም። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ስለ ሥቃይ ብቻ ሳይሆን ስለ ምክንያቱም ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ በ9ኛው ቀን ያው የቀድሞው ነው። መሣሪያው «ወንድ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ወንዱ ስለ ምን ከንቱ ሆነ?» ብሎ አይጠይቅም። ከንቱ ያደረገው ተፈጥሮ አይደለም፤ በ20ኛው ምዕተ ዓመት አዳቃዮች የዕንቁላሉንና የሥጋውን ዝርያ ለያይተው ያወጡት ሥራ ነው። በገጠራችን አውራ ዶሮ ለፋሲካ ገበያ የሚጠበቅ ሀብት ነው፤ እርግጥ ነው፣ የሀገራችን ዶሮ የምትጥለው ዕንቁላል ከእነዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ የክርክሩ ሥር ያለው በዕንቁላሉ ብዛትና ዋጋ ላይ ነው።

በዚያው በጀርመን በእያንዳንዱ ዕንቁላል ዋጋ ላይ ጥቂት ሳንቲም ጨምረው የእንቁላል ጣይዋን ወንድም የሚቀልቡ ገበሬዎች አሉ። ሲያድግ ያርዱታል። ሥጋው ጠንከር ያለ ነው፤ ለወጥ ግን ይህ ምን ችግር አለው?