የሰው ችግር የማን ንብረት ነው?

ንግድ የሚወለደው ከሰው ጉድለት እንደ ሆነ ከማንም የተሰወረ አይደለም። የወፍጮ መኪና ባልገባበት ገጠር እናቶች በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው፣ መጁን እየገፉ ለነገ እንጀራ የሚሆነውን ዱቄት ሲያዘጋጁ ሌሊቱ ይጋመስ ነበር። ወፍጮ ቤት የከፈተ ሰው ከእነዚህ እናቶች ትከሻ ላይ ከባድ ሸክም አወረደ፤ ስለዚህም በየኪሎው የሚቀበለው ዋጋ የሚነቀፍ አይደለም። ዛሬም ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ወጣቶች በመጀመሪያ የሰዎችን ችግር እንዲፈልጉ፣ ንግዳቸውንም በመፍትሔው ላይ እንዲመሠርቱ ሲመከሩ እንሰማለን። ምክሩ መልካም ነው፤ ማንንም የማይጠቅም ነገር ሠርቶ በማስታወቂያ ብዛት ከመሸጥ እጅግ ይሻላል።

ይሁን እንጂ በዚህ ምክር ውስጥ በዝምታ ልናልፈው የማይገባ የሥነ ምግባር ጥያቄ ተሸሽጎ ይገኛል። እንጀራዬ የሚገኘው ከደንበኛዬ ችግር ከሆነ፣ ያ ችግር እንዲያበቃ ከልቤ እመኛለሁን? የሰውን ችግር መፍታትና በሰው ችግር መክበር ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ሱቅ ይከፍታሉ፣ ሁለቱም ደንበኛን በፈገግታ ይቀበላሉ። ታዲያ የሚለያዩት በምንድን ነው?

ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተባለው መጽሐፉ፣ ስለ መሸጥና መግዛት በሚናገርበት ክፍል፣ ለዚህ ጥያቄ መሠረት የሚሆን ትምህርት ሰጥቶናል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሻጩ ዕቃውን በመልቀቁ የሚጎዳ ከሆነ ጉዳቱን በዋጋው ውስጥ ሊያስገባ ይችላል፤ ጉዳቱ የራሱ ነውና። ነገር ግን ምንም ሳይጎዳ፣ ገዢው አጥብቆ ስለ ተቸገረ ብቻ ዋጋ ቢጨምር የራሱ ያልሆነውን ሸጠ ማለት ነው። ችግሩ የገዢው እንጂ የሻጩ አይደለምና።

ይህ ትምህርት ለዕለት ኑሯችን ቅርብ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የታመመ ሕፃን ታቅፋ ለቆመች እናት ባለ ታክሲው የሌሊት ዋጋ ቢጠይቃት፣ እንቅልፉን ትቶ ወጥቷልና አግባብ ነው። የሕፃኑን ትኩሳት አይቶ ዋጋውን እጥፍ ቢያደርግ ግን የሸጠው ጉዞውን ሳይሆን የእናቲቱን ጭንቀት ነው። ነጋዴ ድካሙን፣ ዕውቀቱን፣ ወጪውንና የተሸከመውን የኪሣራ ሥጋት በዋጋ ለመተመን መብት አለው። የሌላውን መከራ ለመተመን ግን መብት የለውም።

የደንበኛውን ችግር እንደ ራሱ ንብረት የቈጠረ ሰው ደግሞ ንብረቱ እንዳይጠፋበት መጠበቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1924 ታላላቅ የአምፖል አምራቾች በጄኔቭ ተሰብስበው «ፌቡስ» የተባለ የጋራ ማኅበር አቋቋሙ፤ የአንድ አምፖል ዕድሜም ከ1,000 ሰዓት ያህል እንዳይበልጥ ተስማሙ። ከዚህ በላይ የሚያበራ አምፖል ያቀረበ አባል መቀጮ ይከፍል ነበር። ረጅም ዕድሜ ያለው አምፖል ብርሃኑ ደካማ ነው የሚል መከራከሪያ ቀርቦላቸዋል፤ ነገሩም ከፊል እውነት አለው። ሆኖም የተሻለ አምፖል መሥራት ያስቀጣ እንደ ነበር ስናስብ፣ ማኅበሩ የተቋቋመው ጨለማን ለማስወገድ ነው ወይስ ጨለማው ቶሎ ቶሎ እንዲመለስ ለማድረግ ብለን እንድንጠይቅ እንገደዳለን።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌ በህንድ አገር እናገኛለን። ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተገለሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በማዱራይ ከተማ «አራቪንድ» የተባለውን የዐይን ሕክምና ተቋም በ11 አልጋ ጀመሩ። በዐይን ሞራ ምክንያት የታወሩትን ያክሙ ነበር። መክፈል የሚችለው ይከፍላል፤ የማይችለው በነፃ ይታከማል፤ ተቋሙም ከከፋዮቹ በሚያገኘው ገቢ ራሱን ይችላል። በቀዶ ጥገናው ጊዜ በዐይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ ከውጭ ሲመጣ ዋጋው ለድሀ የማይቀመስ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በዚያው ከተማ ሌንሱን በአነስተኛ ዋጋ የሚያመርት ፋብሪካ ተከፈተ። እነዚህ ሐኪሞች ዐይኑ የበራለት ሰው ለዚያ ሕመም ተመልሶ እንዳይመጣ ይደክሙ ነበር፤ ድካማቸውም አላከሰራቸውም።

«ችግሩ ካለቀ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት «ቼንቴሲሙስ አኑስ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት፣ ትርፍ የአንድ ድርጅት ሥራ በደኅና መካሄዱን የሚያሳይ ምልክት መሆኑን ተቀብለው፣ ብቸኛው ምልክት ግን እንዳልሆነ አስተምረዋል። የሂሳብ መዝገቡ የተስተካከለ ሆኖ ሳለ ሰው ሊዋረድ ይችላልና። ደግሞም የሰው ፍላጎት በአንድ መፍትሔ አያልቅም፤ ዱቄቱ ቢፈጭ ነገ ሌላ እህል ይመጣል። መኪናውን በደንብ የጠገነ መካኒክ ያንን ብልሽት ያጣል፤ የሰውየውን እምነት ግን ያተርፋል፤ ጎረቤቱንም ይዞለት ይመጣል።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ርእስ ከወጣቶችና ከነጋዴዎች ጋር ሲወያዩበት ሦስት ጥያቄዎችን ቢያቀርቡ መልካም ነው። ዋጋዬ የተመሠረተው በድካሜ ላይ ነው ወይስ በደንበኛዬ ጭንቀት ላይ? በርካሽ የሚገኝ መፍትሔ እያወቅሁ ውዱን እሸጥለታለሁን? ችግሩ ፈጽሞ ተወግዶለት ወደ እኔ ባይመለስ ደስ ይለኛልን? ጥያቄዎቹ ነጋዴን ብቻ የሚመለከቱ አይደሉም። ክርክሩ እንዲራዘምለት የሚሻ ጠበቃ፣ ተማሪው ራሱን እንዳይችል የሚያስጠና መምህር፣ ድሀው ድሀ ሆኖ እንዲቀር የሚያደርግ የእርዳታ ሥራ፣ ሁሉም በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ በመዝገብ ሳይሆን በልብ ውስጥ የሚመለስ ነውና። ለእርሱ ያለ ማመንታት «አዎን» ለማለት የሚችል ሰው፣ ሥራው ንግድም ቢሆን፣ ባልንጀራውን ያገለግላል።