ገላ ይመሰክራልን?

ሰሊጥ በሚደርስበት ወራት ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከስሜን ግርጌ ቀበሌዎች ብዙ ወጣት ለቀን ሥራ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል። ሊማሊሞን የሚወጣው የጭነት መኪና ሹፌር ደባርቅ ያድራል፤ የቱሪስት ወቅት ሲደራም የከተማው ሆቴሎች በእንግዳ ይሞላሉ። ከቤት ርቆ የከረመ ሰው ከማያውቀው ጋር መተኛቱ የዚህ አገር ብቻ ጉድ አይደለም፤ የትም አለ። እዚህ የሚያነጋግረን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ሲሸና ያቃጥለዋል፣ ወይም ያሳክከዋል፣ ወይም ብሽሽቱን ይከብደዋል። ቀን ይቆጥራል፣ ተደብቆ ራሱን ያያል፣ ለሰው ግን አይናገርም። ሴቲቱም እንደዚያው ናት፤ እንዲያውም ለእሷ መናገሩ ይብስባታል። ሕመሙ በሰነበተ ቁጥር ልብ ውስጥ አንድ ፍርድ ይጸናል፤ ይህ የሥራዬ ዋጋ ነው፣ እግዚአብሔር ኃጢአቴን በገላዬ ላይ አወጣብኝ የሚል። ይህ ፍርድ በሃይማኖትም በሕክምናም ሚዛን አይቆምም ባይ ነኝ። የሕሊና ክስና የገላ ሕመም ሁለት ጉዳዮች ናቸው፤ ዳኛቸውም አንድ አይደለም።

ሕመሙ ፍርድ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በደለኛውን ለይቶ በመታ ነበር። የአባላዘር በሽታ እንዲህ አያደርግም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 በሆኑ ሰዎች ላይ 374 ሚሊዮን አዲስ የጨብጥ፣ የቂጥኝ፣ የክላሚዲያና የትሪኮሞናስ ልክፍት ደርሷል፤ አብዛኛው ምልክት የለውም ወይም ምልክቱ ቀላል ነው። ከቆላ የተመለሰው ባል ምንም ሳይሰማው ከቤት ያልወጣችው ሚስቱ ትያዛለች፤ ሳትታከም ከቆየችም መውለድ ሊያቅታት ይችላል። ቂጥኝ ያለባት እናት ካልታከመች በሽታው ወደ ፅንሷ ያልፋል። ሕፃኑ ምን በደለ? በጦርነት ጊዜ ተደፍረው የታመሙት ሴቶችስ? በጨረቃ መሽናት ወይም የጋለ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ጨብጥ ያመጣል የሚለው የድሮ ወሬ በዚህ ረገድ አንድ ደግነት ነበረው፤ በሽተኛው መድኃኒት ለመፈለግ ኃጢአቱን በአደባባይ እንዲያወራ አላስገደደውም። ጉዳቱ ግን ያመዝናል፤ ጥፋተኛዋ ጨረቃ ከሆነች ሚስት ለምን ትመረመራለች? ሕክምናውም ኃጢአትን በምክንያትነት አያውቀውም፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳባት ቤት ለቤት ልደትና ሞት ሲመዘግብ ኖሯል። የሞት ምክንያት ሲጠየቅ ኃጢአት የሚል ዓምድ መዝገቡ ላይ የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15ን ያነሣብኛል፤ ከብልቱ ፈሳሽ የሚወጣው ሰው ርኩስ እንደሚባል እዚያ ተጽፏል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ምዕራፉ እስከ መጨረሻው ይነበብ። በዚያው ሕግ ባልና ሚስት በሕጋዊ አልጋቸው ተኝተው እስከ ማታ ርኩሳን ይባላሉ፣ የወር አበባ ያየች ሴትም ለሰባት ቀን። ፈሳሹ የቆመለት ሰው ሰባት ቀን ቆጥሮ፣ በምንጭ ውኃ ታጥቦ፣ በስምንተኛው ቀን ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ይዞ ይመጣል። አንዱ ለኃጢአት መሥዋዕት ነው ቢባል፣ የወለደች እናትም በምዕራፍ 12 ተመሳሳይ መሥዋዕት ታቀርባለች፤ መውለድን ኃጢአት ያለ ደግሞ የለም። የእኛ ምእመን ይህን ልዩነት ከንባብ ይልቅ በኑሮው ያውቀዋል። ሕልመ ሌሊት ያገኘው ዲያቆን በማግሥቱ ቅዳሴ አይገባም፤ አመነዘርክ ብሎ የሚከስሰው ግን የለም። አለመንጻት ሌላ፣ በደል ሌላ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ማለቱን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እናነባለን። እርግጥ በምዕራፍ 5 ለተፈወሰው መፃጉዕ የባሰ እንዳያገኝህ ዳግመኛ አትበድል ብሎታል፤ ከባዱ ተቃውሞ ይህ ይመስለኛል። ግን ቅደም ተከተሉን እንመልከት። መጀመሪያ ፈወሰው፤ ማስጠንቀቂያው በኋላ፣ በቤተ መቅደስ ሲያገኘው መጣ። ፈውሱን በንስሐ ላይ አላንጠለጠለውም። የነፍሱን ጉዳይ ለነፍሱ ነገረው፣ ገላውን ግን አልጋው ላይ አላቆየውም።

አባቶቻችንም ቢሆኑ በሽታውን ፍርድ ነው ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የደብተራ የመድኃኒት መጻሕፍት ለጨብጥና ለቂጥኝ ሥርና ቅጠል ያዝዛሉ፤ ቂጥኝ የያዘውም ሰው ወሸባ ገብቶ፣ ምግቡን ለይቶ፣ መድኃኒቱን ይጠጣ ነበር። መድኃኒቱ ሠራም አልሠራም፣ ሐሳቡ የሕክምና ሐሳብ ነው። ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። በደባርቅ ከተማ ያለው ሙስሊም ጎረቤታችንም አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ የለም የሚለውን ሐዲስ ያውቃል። በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር እንደሆኑ በይፋ ሲናገሩ አዲስ ትምህርት አልፈጠሩም። ፀበል የሚጠመቅ ሰው ክኒኑን ያቋርጥ የሚል ካለ ሲራክንም ፓትርያርኩንም መሻር ይኖርበታል።

እስካሁን ያልኩት በእርግጥ ለታመመው ነው። ሌላ ዓይነት ሰው አለ፤ ለእሱ ነገሩ ይከብዳል። ተመርምሯል፣ ሽንቱም ደሙም ንጹሕ ነው ተብሏል፣ የኤችአይቪ ምርመራውን ከ3 ወር በኋላ ደግሞ ነፃ ሆኗል፤ ማቃጠሉ ግን አልተወውም። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያ ሊታመን ይገባዋል፤ ሕመሙ የውሸት አይደለም። ትሪኮሞናስ ወይም ማይኮፕላዝማ በተራ የሽንት ምርመራ ሊያመልጥ ስለሚችል አንድ ጊዜ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄዱም ተገቢ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። የፕሮስቴት ሕመም ተብሎ ከሚሰነብተው አብዛኛው ባክቴሪያ የሌለበት ነው፤ የዳሌ ሥር ጡንቻ በጭንቀት ሲኮማተር ያቃጥላል፣ ይከብዳል፣ ሽንት ያመላልሳል። በየሰዓቱ በሳሙና መታጠብና እየጨመቁ ማየት ደግሞ ጤነኛውን ቆዳ ያስቆጣል። ሰውየው ይህን አይቀበልም። ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮ ያለ ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ይውጣል፣ ጨጓራውን ያሳምማል፤ በዓለም ዙሪያ ጨብጥ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የለመደውም በከፊል በእንዲህ ያለ አወሳሰድ ነው። ለምን አያምንም? ላብራቶሪውን የጠየቀው ተዋህሲ አለብኝ ወይ ብሎ ሳይሆን ምሕረት አግኝቻለሁ ወይ ብሎ ስለሆነ ነው። ነፃ የሚል ወረቀት ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ አሥር ቢደራረብም አይመልስም።

ታዲያ ሕሊና ራሱ ገላን ካሳመመ ገላ መሰከረ ማለት አይደለምን ይሉኝ ይሆናል። አይደለም። ጭንቀት ያኮማተረው ጡንቻ ሰውየው መጨነቁን እንጂ መበደሉን አይናገርም፤ ያለ በደሉ የሚጨነቅ ብዙ ነው፣ በድሎ ደኅና የሚተኛም ሞልቷል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከሽማግሌዎች የሚመጣ ነው፤ የበሽታ ፍርሃት ከተነሣ ወጣቱን ምን ይገታዋል የሚል። ሥጋታቸውን አልንቅም። ግን ፍርሃት ብዙ ጊዜ ሲገታ የምናየው ከዝሙት ሳይሆን ከጤና ጣቢያ ነው። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የአክስት ልጅ በሆነበት ከተማ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ሊመረመር ይመርጣል፤ የመሳፈሪያ የሌለው ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰደው የኤችአይቪ መከላከያ ያመልጠዋል፣ በጊዜ ቢደረስበት በአንድ የፔኒሲሊን መርፌ ይድን የነበረው ቂጥኝም እየሰደደ ሚስቱ ዘንድ ይደርሳል። ፍርሃቱ ከአንድ ኃጢአት አላዳነውም፤ ሁለተኛ በደል ጨመረበት። በሽታን ብቻ ፈርቶ የታቀበ ሰው ደግሞ ኮንዶም ባገኘ ቀን መታቀቢያ ምክንያት አይቀረውም።

ስለዚህ ልመናዬ ለነፍስ አባቶች ነው። እንዲህ ያለ ኑዛዜ ሲመጣላችሁ ከቀኖናው በፊት ተመርምረሃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ባለትዳር ከሆነም ሚስቱን ይዞ እንዲሄድ እዘዙት። ነርሶችና ሐኪሞች ደግሞ ካርድ የያዘውን ሰው ከየት አመጣኸው ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁት፤ ውጤቱ ነፃ ሆኖ ሕመሙ ካልለቀቀውም ምንም የለብህም ብላችሁ አታሰናብቱት።