ጥላሸትና ዝገት

የቅበላው ሰሞን አልፎ ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ በክርስቲያን ቤት ጓዳ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ የዕቃ ማጠብ ሥራ ነው። ቅቤ የለመደው ድስት፣ ሥጋ ሲጠበስበት የሰነበተው መጥበሻ፣ ጭልፋውና ቢላዋው፣ ትሪውና ሰታቴው ሳይቀር ከየተሰቀለበትና ከየተደፋበት ወጥቶ በደጅ ይደረደራል፤ ባልቴቲቱም ከምድጃው የተነፋ አመድ በእፍኟ ዘግና፣ በሙቅ ውሃ አርሳ፣ ከድስቱ ከንፈር ጀምራ ወደ ሆዱ እያዞረች ትፈትጋለች፤ ልጅቱ ደግሞ ለሁለት የተከፈለውን ሎሚ ጨው እያስነካች የናሱን ማንቆርቆሪያ ታሻለች። በመጨረሻ ባልቴቲቱ የታጠበውን ድስት ወደ አፍንጫዋ አቅርባ ታሸተዋለች፤ የቅቤው ሽታ ካልለቀቀው ዳግመኛ ወደ አመዱ ይመለሳል እንጂ የጾም ሽሮ አይሠራበትም።

ብረት አይጾምም፤ ጾም የሥጋና የነፍስ ግብር መሆኑን ባልቴቲቱም አሳምራ ታውቃለች። እንግዲያስ ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን ነው? ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ23ኛው ምዕራፍ የጽዋውንና የወጭቱን ውጭ ብቻ ያጠሩ የነበሩትን ፈሪሳውያን መገሠጹን ይዞ፣ የጓዳ ንጽሕና ከንቱ ነው፣ የሚያስፈልገው የልብ ንጽሕና ብቻ ነው የሚል ሰው አይታጣም። ነገር ግን ተግሣጹን በማስተዋል ላነበበው፣ ጌታ ውስጡ እንዲቀድም አዘዘ እንጂ ጽዋ ማጠብን አልነቀፈም፤ ነቢዩ ዘካርያስም በትንቢቱ መጨረሻ በኢየሩሳሌምና በይሁዳ ያለ ምንቸት ሁሉ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ የሚሆንበትን ቀን ሲያይ፣ ከመቅደሱ ዕቃ ጋራ የተራውን ሰው የምድጃ ዕቃ በአንድ ቅድስና ጠርቶታል። ስለዚህ በጓዳ ሥራ ውስጥ ለፈላስፋ የሚገባ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ጥያቄውም ይህ ነው፦ እድፍ ከዕቃው ባሕርይ ነው ወይስ በባሕርዩ ላይ የመጣ ባዕድ ነው? ዕቃውስ ሲታጠብ አንዳች ይጨመርለታልን፣ ይቀነስበታልን፣ ወይስ ወደ ነበረበት ይመለሳል?

የኃጢአት መሥዋዕት ሥጋ የተቀቀለበት የሸክላ ዕቃ እንዲሰበር፣ የናስ ዕቃ እንደ ሆነ ግን ተፈግፍጎ በውሃ እንዲታጠብ ኦሪት ዘሌዋውያን በ6ኛው ምዕራፍ ያዝዛል፤ ኦሪት ዘኍልቍም በ31ኛው ምዕራፍ ወርቅና ብር፣ ናስና ብረት፣ ቆርቆሮና እርሳስ፣ እሳት የሚችለው ሁሉ በእሳት እንዲያልፍ፣ ከዚያም በሚያነጻው ውሃ እንዲጠራ ይደነግጋል። በሸክላና በብረት መካከል ያለውን ልዩነት የጓዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሸክላ በዐይን የማይታይ ቀዳዳ ስላለው ወጡንና ቅባቱን ወደ ውስጡ ይጠጣል፣ ብረታ ብረት ግን የተጣበቀበትን ሁሉ በገጹ ይሸከማል እንጂ አይጠጣም። እንግዲህ በብረት ላይ ያለው ቅባትና ጥላሸት ባዕድ ነው፤ ቢከብድም ቢከርምም ባሕርዩን አልነካውም።

ይህን ባዕድ ለማስወጣት ብዙ ጕልበት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ዕውቀት ነው። በአመድ ውስጥ ፖታሲየም ካርቦኔት የሚባል ጨው አለ፤ ይህ ጨው ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ቅባቱን ይይዘውና ከፊሉን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ድስቱን ያሳደፈው ቅባት ራሱ ድስቱን የሚያጥብ ይሆናል ማለት ነው። ከአሳዳጁ ሳውል ሐዋርያውን ጳውሎስን ያወጣ አምላክ ይህን ሥርዐት በእፍኝ አመድ ውስጥ ማኖሩ ባሰብሁት ቍጥር ይደንቀኛል። ወጥ አርሮበት ከታቹ የተጣበቀ ድስትም ቢሆን ውሃና አንድ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተጨምሮበት ጥቂት ከፈላ፣ ወርዶም እስኪበርድ ከተተወ፣ በእንጨት ማማሰያ ገፋ ገፋ ሲያደርጉት ይለቃል። ሆኖም መድኀኒቱ ለሁሉ አንድ አይደለም። የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ውሃ ተነክሮ ቢያድር ይጠቍራል፣ ገጹም ይበላል፤ እርሱን የሚያፈካው ሎሚ የተጨመቀበት ወይም አቼቶ ጠብ ያለበት ውሃ ሲፈላበት ነው። አስተዋይ የንስሐ አባት ለመጣው ሁሉ አንድ ዐይነት ቀኖና የማይሰጠውም ስለዚህ ነው፤ አንዱን በስግደት፣ አንዱን በምጽዋት፣ አንዱንም ሄዶ ከወንድሙ ጋራ እንዲታረቅ በማዘዝ ይፈውሰዋል።

ዝገት ግን ሌላ ነው፤ ጥያቄውም የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ዝገት ከውጭ የተለጠፈ አይደለም፤ ብረቱ ራሱ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅንና ከርጥበት ጋራ ተጣምሮ ሌላ ነገር የሆነው ነው። ከቢላዋው ተፈግፍጎ በእጅ ላይ የሚቀረው ቀይ ዱቄት አስቀድሞ ቢላዋ የነበረ ብረት ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ ንጹሓነ ልብ ብፅዕና ሲያስተምር፣ ዝገት የለበሰ ብረት በድንጋይ ሲሳል ጥቍረቱ ለቆት የፀሐይን ብርሃን እንደሚያንጸባርቅ፣ የሰውም ልብ ክፋቱን ሲያራግፍ የፈጣሪውን አርአያ መልሶ እንደሚያሳይ ገልጿል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ክፋት የራሱ ህላዌ የሌለው የበጎ ነገር ጕድለት መሆኑን ከእርሱ ጋራ ሌሎችም አባቶች አስተምረዋል። ነገር ግን ቢላዋ የሳለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ድንጋዩ ዝገቱን ብቻ አይወስድም፤ ብረቱንም ይወስዳል፤ ለብዙ ዘመን የተሳለ ቢላዋ እንደ ቅጠል የሳሳ ነው። እንግዲህ ኃጢአት ዝገት፣ ንስሐም የመሳያ ድንጋይ ከሆነ፣ የነጻው ሰው ከመበደሉ በፊት ከነበረው አንሶ ይቀራልን? በጸጸት ራሱን ሲፍቅ የሚኖር ሰው እየነጻ ነው ወይስ እያለቀ ነው? ይህን ጥያቄ እንደ ዋዛ የሚያልፈው፣ ይቅር ከተባለ በኋላ እንኳ ራሱን ይቅር ማለት የተሳነው ወዳጅ ያልገጠመው ሰው ብቻ ይመስለኛል።

ለእኔ መልሱን ያቀረበልኝ የብር ዕቃ ነው። የብር ማንኪያ የሚጠቍረው በአየርና በእንቍላል ውስጥ ያለው ድኝ ከብሩ ጋራ ሲጣመር ነው፤ ስለዚህ ጥቍረቱ እንደ ዝገት ሁሉ የራሱን የብሩን አካል የያዘ ነው። ማንኪያውን በማጥሪያ ዱቄት ቢያሹት ጥቍረቱ ብሩን ይዞ ይሄዳል፣ በእጀታው ላይ የተቀረጸውም ሐረግ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። ሌላ መንገድ ግን አለ፦ በጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ የአሉሚኒየም ወረቀት አንጥፎ፣ ማንኪያውን ወረቀቱን እንዲነካ አድርጎ አጋድሞ፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ነው። ጥቂት ቈይቶ የተበላሸ እንቍላል የመሰለ ሽታ ይሸታል፣ ጥቍረቱም እጅ ሳይነካው ይገፈፋል። የሆነው ነገር ድኙ ብሩን ለቆ ወደ አሉሚኒየሙ መሻገሩ ነው፤ በጥቍረቱ ውስጥ ታስሮ የነበረውም ብር ተፈትቶ በዚያው በማንኪያው ላይ ብር ሆኖ ይቀራል። (የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት የካህናት ድርሻ ነው፤ ዕንቍ የተለጠፈበት ጌጥም በፈላ ውሃ ሊላቀቅ ይችላል፤ እንግዲህ ይህን የምናገረው ስለ ቤት ማንኪያና ሹካ ብቻ ነው።) ማንኪያው አልተፋቀም፤ ተመለሰ እንጂ፤ እድፉንም ሌላው ተሸከመለት። ምሳሌ ከምሥጢር ጋራ እንደማይተካከል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይህን ባየሁ ጊዜ የዓለምን ኃጢአት የተሸከመውን በግ ሳላስብ ማለፍ አልቻልሁም።

አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ፣ በሰሌዳ ላይ የተሣለ የሰው መልክ በእድፍ ቢጠፋ ስለ መልኩ ክብር ሰሌዳው እንደማይጣል፣ ባለመልኩ ራሱ ዳግመኛ መጥቶ ሲቀመጥ ሥዕሉ በዚያው እንጨት ላይ እንደሚታደስ ያስረዳል። ከመሳያው ድንጋይ ይልቅ ይህ ያጽናናኛል፤ የጠፋው መልክ የሚመለሰው ሰሌዳው ራሱን በመፋቁ ሳይሆን ባለመልኩ በመምጣቱ ነውና። ጸጸት የሚያስፈልገው ሰሌዳውን ይዞ ለመቅረብ ነው፤ ከቀረቡ በኋላም መፋቁን የማይተው ሰው፣ ትሕትና ቢመስለውም፣ ሊታደስ የመጣውን እንጨት ያሳሳል።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ስለ አሮጌው የብረት መጥበሻ ሳልናገር ብተው ነገሩ ይጎድላል፤ ምክንያቱም ሥር የሰደደ ዝገት ጕድጓድ ትቶ ይሄዳል፣ ያንን ጕድጓድ ሎሚም ሶዳም አይመልሰውም። እንዲህ ያለ መጥበሻ ዝገቱ በአቼቶ ለስልሶ በሽቦ ከተፈገፈገ በኋላ፣ ታጥቦ ወዲያው በእሳት ላይ ይደርቃል፤ ስስ ዘይት ተቀብቶም እስኪጨስ ይግላል፤ ይህም ይደጋገማል። ዘይቱ በእሳቱ ኀይል ጠንክሮ እንደ ቆዳ ያለ ጥቁር ልባስ ይሆናል፤ ጕድጓዱንም ይሸፍነዋል፣ ርጥበትንም ይከለክላል። ይህን የማታውቅ ትጉህ ልጅ ጥቍረቱን እድፍ መስሏት በሽቦ ፍቃ ፍቃ ታነጣዋለች፤ ማታ እንደ መስተዋት ያበራው መጥበሻ ሲነጋ ቀይ ሆኖ ይገኛል። በእሳት ያለፈ ሰው ላይም እንዲህ ያለ ጥቍረት አለ፤ ዝምታው፣ ጥንቃቄው፣ ከሰው መካከል ፈቀቅ ማለቱ ለሚያየው እድፍ ይመስላል፣ ለባለቤቱ ግን ቍስሉን የሸፈነለት ነው፤ እኛም በቅንዓት ልናጠራው ስንነሣ ምን እንደምንነካ አናውቅም። ለጾም የተለየ መጥበሻ ያለበት ቤት የፍስኩን መጥበሻ ለዐቢይ ጾም ብሎ መፋቅ አያሻውም፤ በሙቅ ውሃና በደረቅ ጨው አሽቶ፣ በእሳት አድርቆ፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ አሳልፎበት እስከ ፋሲካ ይሰቅለዋል።